እንግዳው ጥሩምባ

“ቅይጥ” የሚለው ቃል በቋንቋችን መልካም ስም የለውም። የተቀየጠ ቅቤ ባለቤቱን ገበያ ላይ ያሳፍራል፤ የተቀየጠ ማር ጠጁን ያበላሻል። ወደ ሙዚቃ ስንመጣ ግን ይኸው ቃል ካባ ይለብስና “ውሕደት” ተብሎ ይሾማል። አንድ አልበም “ጃዝን ከአፍሪካ ሙዚቃ ጋር ያዋሐደ ነው” ከተባለ፣ ነገሩ ሁሉ እንዳለቀ ተቆጥሮ ይጨበጨብለታል። ማን ከማን ጋር ተዋሐደ? ማን ለማን ወንበር ለቀቀ? የቤቱ ባለቤትስ ማን ነበር? ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። እነሆ፣ ይህ አጭር ጽሑፍ በአንድ የትራምፔት ተጫዋችና በአንድ አልበሙ ሰበብ ይህንን ጥያቄ ለማንሣት ይሞክራል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ደቡብ አፍሪካዊው ሂው ማሴኬላ ነው። አልበሙ ደግሞ በ1973 ሌጎስ ውስጥ ከጋናው ሄድዞሌ ሳውንድዝ ከተባለ የሙዚቃ ጓድ ጋር የቀረጸው ነው። ሄድዞሌ በጋ ሕዝብ ቋንቋ ነፃነት ማለት ነው። ከማሴኬላ ሥራዎች መካከል በሽያጭ ይህንን የሚበልጡ አሉ፤ በዝናም የሚበልጡት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ስለ ውሕደት መነጋገር ካለብን ከዚህ ሸክላ መጀመር አለብን ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን ደረጃ በደረጃ ላስረዳ።

ማሴኬላ በ1939 ዊትባንክ በተባለች የድንጋይ ከሰል ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ ያሳደጉት አያቱ ለማዕድን ሠራተኞች በስውር መጠጥ የሚሸጡ ሴት ነበሩ፤ በዚያ አገር ሺቢን የሚባለውን፣ ሕግ ለጥቁሮች የከለከለውን መጠጥ ቤት ያስተዳድሩ ነበር። ልጁ ከጉድጓድ የወጡ፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ፣ ናፍቆታቸውን በየቋንቋቸው የሚያንጎራጉሩ ሰዎች ባሉበት ቤት ጆሮውን ከፈተ። በአሥራዎቹ ዕድሜው ስለ አንድ ትራምፔት ተጫዋች የተሠራ የሆሊውድ ፊልም አይቶ ልቡ ተሰረቀ። የአፓርታይድ ብርቱ ተቃዋሚ የነበሩት ቄስ ትሬቨር ሃድልስተን መሣሪያውን ገዝተው ሰጡት።

በ1956 አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። ሃድልስተን ከደቡብ አፍሪካ ወጥተው በአሜሪካ ሲያልፉ ሉዊ አርምስትሮንግን አገኙትና ስለ ልጆቹ ጓድ አጫወቱት፤ አርምስትሮንግም ከራሱ ትራምፔቶች አንዱን ወደ ጆሃንስበርግ ላከ። በዚያው ዓመት በግንቦት አርምስትሮንግ ራሱ አክራ ገብቶ ነበር። የሃይላይፍ ንጉሥ ከሚባለው ከትራምፔት ተጫዋቹ ከኢ. ቲ. ሜንሳ ጋርም አብሮ ተጫውቷል። ስለዚህ የአንድ ሰው እስትንፋስ በአንድ ዓመት ውስጥ የአህጉሩን ምዕራብም ደቡብም ነክቷል ማለት ነው። ማሴኬላና የአክራ ልጆች ከ17 ዓመት በኋላ ሲገናኙ ፈጽሞ ባዕድ ለባዕድ አልነበሩም የምለው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ “ንጹሕ ጃዝ” እና “ንጹሕ የአፍሪካ ሙዚቃ” ለሚሉ ወገኖች አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ሃይላይፍ ሲወለድም ቅይጥ ነበር። በወደብ ምሽጎች የነበሩ ወታደራዊ የነሐስ ባንዶች፣ መርከበኞች ያመጡት ጊታር፣ የካሪቢያን ካሊፕሶ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አክራ የሰፈሩ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች የለመዱት ስዊንግ፣ እነዚህ ሁሉ በአገሬው ከበሮ ላይ ተደራርበው የተገኘ ሙዚቃ ነው። የደቡብ አፍሪካው ማራቢም እንደዚያው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ስምምነት፣ የአሜሪካ ራግታይምና የገጠር ጭፈራ በጆሃንስበርግ ደሳሳ ሠፈሮች ውስጥ ተጋብተው ወለዱት። ጃዝማ የማን ልጅ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ በሰንሰለት ተጭኖ የሄደ ሕዝብ የልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ በ1973 ሌጎስ ውስጥ የሆነው ቅይጥ ከቅይጥ ጋር መገናኘቱ ነው፤ ሁለት ንጹሖች ስለ መበከላቸው ማልቀስ ከታሪክ ጋር መጣላት ይሆናል።

እንግዲያው ጥያቄው “መቀላቀል ተገቢ ነው ወይ?” አይደለም። ጥያቄው “እንዴት?” የሚለው ነው።

ማሴኬላ ይህን “እንዴት” ለማግኘት ረጅም መንገድ ተጉዟል። ከአብዱላህ ኢብራሂም (በዚያን ጊዜ ስሙ ዳላር ብራንድ)፣ ከኪፒ ሙኬትሲና ከጆናስ ግዋንግዋ ጋር ጃዝ ኢፒስልስ የተባለውን ጓድ መሥርቶ ነበር። ይህ ጓድ በጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን የተሠራውን የመጀመሪያውን የጃዝ አልበም በ1960 አሳተመ። በዚያው ዓመት መጋቢት 21 ቀን ፖሊስ በሻርፕቪል 69 ሰዎችን ገደለ፤ መሰብሰብ ወንጀል ሆነ፤ ሙዚቃውም ተበተነ። ማሴኬላ አገሩን ለቆ በለንደን በኩል ኒው ዮርክ ገባ፤ ማንሃታን የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ተማረ። ወደ አገሩ የተመለሰው በ1990 ነው፤ ሠላሳ ዓመት።

ኒው ዮርክ ሲደርስ ምኞቱ እንደ ዲዚ ጊሌስፒና እንደ ማይልስ ዴቪስ መንፋት ነበር። ማሴኬላ ራሱ ደጋግሞ እንደ ተረከው፣ ከዚህ ምኞት ያባነነው ማይልስ ነው። ጃዝን ብቻ የምትጫወት ከሆነ ከብዙዎች አንዱ ሆነህ ትቀራለህ፤ ከአገርህ የምታስታውሰውን ብትጨምርበት ግን ሌላ ሰው ትሆናለህ የሚል ምክር ሰጠው። ምክሩን ብዙ ሰው ያደንቀዋል። እኔም አደንቀዋለሁ፤ ነገር ግን አንድ ጉድለት አለው። “ጨምርበት” ይላል። መጨመር የወጥ ቤት ቃል ነው፤ ድስቱ የጃዝ ነው፣ አገር ቤት ደግሞ ቅመም ይሆናል።

የ1960ዎቹ የማሴኬላ ሥራዎች ከሞላ ጎደል በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው ብዬ አምናለሁ። በ1968 በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው፣ ፊልሞን ሁ የደረሰው “ግሬዚንግ ኢን ዘ ግራስ” ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ደስ የሚል ዜማ ነው። የደቡብ አፍሪካ የከተማ ጭፈራ ፈገግታ አለበት፤ ቃጭሉ ልብን ያነሣሣል። ነገር ግን ቤቱ የሎስ አንጀለስ ቤት ነው፤ አገር ቤት በመስኮት ብቅ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ይሄዳል። ዜማውን ለማጣጣል የምለው አይደለም። አንድ ስደተኛ በባዕድ አገር አደባባይ ላይ የሠፈሩን ዜማ አንደኛ ማድረጉ ቀላል ድል አይደለም። ሆኖም ድሉ ረኀቡን አላስታገሠለትም። በሕዝብ የታወቀው ማሴኬላ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሻንጣውን ይዞ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የሄደው ጠግቦ ቢሆን ኖሮ አልነበረም።

ወደ አገሩ መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ወደ ጎረቤት ሄደ። በጊኒ፣ ቀድሞ ባለቤቱ የነበረችው ሚሪያም ማኬባ ትኖር ነበር፤ እኛም በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ ስትዘፍን የተቀበልናት ማኬባ ናት። ከዚያ ሌጎስ ገባ፤ ፌላ ኩቲ ቤት። ፌላም በለንደን ትራምፔት የተማረ፣ በሃይላይፍና በጃዝ የጀመረ፣ ኋላ አፍሮቢትን የፈጠረ ሰው ነውና የእንግዳውን ሕመም ዐወቀ። ማሴኬላን የራሱ ጓድ አባል አላደረገውም፤ አክራ ውስጥ ናፖሊዮን በተባለው የፋይሰል ሄልዋኒ ክበብ ወደሚጫወቱት ሄድዞሌዎች መራው እንጂ። ከዚህ ግንኙነት በኋላ አልበሙ ሌጎስ ተቀረጸ፤ አሜሪካ ውስጥ ታተመ።

እስቲ አሁን ሸክላውን እናዳምጥ። መጀመሪያ ጆሮ የሚመታው ከበሮው ነው። የጃዝ አዳማጭ ከበሮን ከኋላ፣ ባለ ትራምፔትን ከፊት ለማግኘት የለመደ ነው፤ እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። የጋ ሕዝብ ከበሮዎች እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ባስ ጊታሩ በጥቂት ቃላት ይመልስላቸዋል፤ ዋሽንት ጣልቃ ይገባል፤ አዝማቹና ተቀባዩ በራሳቸው ቋንቋ ይቀባበላሉ። ትራምፔቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እንደ ጌታ ሳይሆን ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። ሲገባም አጭር ይናገራል፤ ይተነፍሳል፤ ለተቀባዮቹ ይለቃል። “ላንጉታ” በተባለው የማሴኬላ ዘፈን ላይ እንኳ፣ ድርሰቱ የራሱ ሆኖ ሳለ፣ ምቱን የያዙት ባለቤቶቹ ናቸው።

ይህ ለምን ከባድ እንደ ሆነ ለመረዳት የጃዝን ሰዋስው ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። እንደ ቢቦፕ ባለው ጃዝ ተጫዋቹ የሚወጣበት መሰላል ኮርዱ ነው። ኮርዶቹ ይለዋወጣሉ፣ እሱም በእያንዳንዱ መወጣጫ ላይ ብልኀቱን እያሳየ ይወጣል፤ 32 መስመር ያለው ዜማ ሲያልቅ እንደገና ከታች ይጀምራል። በሃይላይፍና በአፍሮቢት ዓለም ግን መሰላሉ አጭር ነው፤ አንዳንዴም የለም። ያለው ሜዳ ነው። ምቱ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይለወጥም። በዚህ ሜዳ ላይ ፈጥኖ መሮጥ ማንንም አያስደንቅም። የሚያስደንቀው መቼ እንደሚናገሩና መቼ ዝም እንደሚሉ ማወቅ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል፤ ረጅም ሐተታ መጻፍ የለመደ ደራሲ በጉባኤ መካከል ቆሞ አንድ ጉባኤ ቃና እንዲዘርፍ ሲጠየቅ የሚደርስበት ጭንቀት ነው። ቃላት መቁጠር አለበት። ቤቱ ይዘጋበታልና።

ማሴኬላ በዚህ ሸክላ ላይ ቃላት መቁጠርን ተምሯል፤ ትምህርቱም ከእጁ አልወጣም። በ1974 “አልፈራም” የሚል ትርጉም ባለው አልበሙ፣ ከሄድዞሌዎችና ከአሜሪካውያኑ ከጆ ሳምፕልና ከስቲክስ ሁፐር ጋር “ስቲሜላ”ን ቀረጸ። ስቲሜላ ባቡሩ ነው፤ ከሞዛምቢክ፣ ከማላዊ፣ ከሌሶቶና ከሌሎች አገሮች ወንዶችን እየጫነ ወደ ጆሃንስበርግ ማዕድን የሚያጓጉዘው የከሰል ባቡር። በአያቱ ቤት መጠጥ የሚጠጡት እነዚያ ሰዎች በመጨረሻ ዘፈን ውስጥ ገቡ። እናም ልብ እንበል፤ ዜማው አይቸኩልም። ባቡሩ በዝግታ ይነሣል፣ ሰውየው መጀመሪያ ይናገራል፣ ትራምፔቱ የሚያለቅሰው ኋላ ነው። ከአክራ ልጆች ጋር ሳይቀመጥ ማሴኬላ ይህን ትዕግሥት ባላገኘ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። አንደኛው “ይህ ጃዝ አይደለም፤ የጭፈራ ሙዚቃ ነው” የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። ጃዝ ራሱ ለጭፈራ የተወለደ ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚደመጥ ሙዚቃ የሆነው ቆይቶ ነው። እግርን ያነሣሣ ሁሉ አእምሮን ያደነዘዘ የሚመስላቸው ሰዎች፣ እስክስታን የትከሻ ድካም ብቻ አድርጎ እንደሚያይ እንግዳ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በአልበሙ ርእስ ላይ የሚታወቀው ስም የማሴኬላ ነው፤ ሄድዞሌዎች “እነሆ ላስተዋውቃችሁ” የተባሉ ናቸው። ሙዚቃው ከሞላ ጎደል የእነሱ ሆኖ ሳለ፣ ዓለም የሚጠራው የእንግዳውን ስም ነው። ያለ ማሴኬላ በዚያው በ1973 የቀረጹት ሥራ ለሕዝብ የደረሰው በ2010 ሳውንድዌይ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ሲያወጣው ነው። ሠላሳ ሰባት ዓመት! ያንን ሸክላ የሰማ ሰው ከበሮውም፣ ዋሽንቱም፣ ቅብብሉም ከእንግዳው በፊት ሙሉ እንደ ነበር ይረዳል። ታዲያ የተዋወቀው ማን ነው? ለአሜሪካ ገበያ የተዋወቁት የአክራ ልጆች ናቸው። ለራሱ ለሙዚቃው ግን የተዋወቀው ማሴኬላ ነበር።

ይህን ተቃውሞ “ያኔ ገበያው እንዲያ ነበር” ብሎ ማለፍ አልፈልግም። ውሕደት በድምፅ ላይ ትሕትና ኖሮት በሽፋን ላይ ትሕትና ካጣ፣ ግማሹ ሥራ አልተሠራም። “ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኀምሳ ሰው ጌጡ” ይባላል፤ ሸክሙን ለኀምሳ አካፍሎ ጌጡን ለአንድ ሰው ማጥለቅ ግን ምሳሌው አይደለም። ስለዚህም አቋሜ ሁለት ፊት አለው። ይህ አልበም የጃዝና የአፍሪካ ተወዳጅ ሙዚቃ እንዴት መገናኘት እንዳለባቸው በጆሮ የሚያስተምር ነው፤ እንዴት መፈረም እንደሌለባቸውም በሽፋኑ ያስተምራል።

ለማነጻጸር ያህል በ1984 የወጣውን “ቴክኖ ቡሽ” እንመልከት። ማሴኬላ በዚያን ጊዜ ከአገሩ ድንበር አጠገብ ቦትስዋና፣ ጋቦሮኔ ይኖር ነበር፤ ቀረጻውም እዚያው በተንቀሳቃሽ ስቱዲዮ ተከናወነ። በርቀት ከለካነው ከሌጎስ ይልቅ ለቤቱ እጅግ ቀርቦ ነበር። በድምፅ ከለካነው ግን ርቋል። ምቱን የያዘው በዘመኑ ፋሽን የነበረው የኤሌክትሮኒክ ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ እንግዳ ተቀብሎ አያውቅም፤ ቢዘገዩበት አይጠብቅም፣ ቢቀድሙት አይከተልም። ዘፈኖቹ በጭፈራ ቤቶች ተወደዱ፤ እኔም አልጠላቸውም። ዳሩ ግን ከማሽን ጋር ውይይት የለም፤ መታዘዝ ብቻ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ከአገራችን አንድ የትንፋሽ መሣሪያ ጌታ ባነሣ ያለ ቦታው አይሆንም። ጌታቸው መኩሪያ (1935–2016) ወደ ሳክስፎን የገባው በጃዝ በር አይደለም። ሽለላንና ፉከራን፣ የአርበኛውን የድምፅ ንቅናቄ፣ እንዳለ አንሥቶ በሳክስፎን አፍ ላይ አኖረው። የውጭ ሐያስያን ከአልበርት አይለር ጋር ያነጻጽሩታል፤ እሱ ግን የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ2006 “ሞዓ አንበሳ” የተባለውን አልበም ከሆላንዱ የፐንክ ጓድ ከዘ ኤክስ ጋር ሲሠራ፣ የቤቱ ጌታ ማን እንደ ሆነ አላጠራጠረም፤ ጊታሮቹ ይፎክራሉ እንጂ ሳክስፎኑ ፐንክ አይሆንም። ማሴኬላ እንግዳ ሆኖ አማረበት፤ ጌታቸው ባለቤት ሆኖ አማረበት። ሁለቱም የሚያስተምሩን አንድ ነገር ነው። በውሕደት ውስጥ ቤት ያለው ሰው መኖር አለበት። ሁሉም እንግዳ የሆነበት ቤት የሆቴል አዳራሽ ይሆናል።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮጵያን ቅኝቶች ከጃዝ ቅንብር ጋር ሲያገናኝ፣ የትኛው ማስታወሻ ቢነካ ቅኝቱ እንደሚፈርስ፣ የትኛው ቢደገፍ እንደሚቆም አጥንቶ ነው። ዛሬ ዛሬ ግን አምስት ድምፅ ያለው ማናቸውም ዜማ፣ ከኋላው ጥቂት ሳክስፎን ከተነፋበት፣ “ኢትዮ ጃዝ” የሚል ታፔላ ይለጠፍበታል። ትዝታ በኮርድ ታጅቦ ትዝታነቱን ሲያጣ፣ ጃዙም ነፃነቱን ሲያጣ፣ የሚቀረው ከእራት ጋር የሚደመጥ ነገር ነው። ከሌጎሱ ሸክላ የምንማረው ለዚህ ይጠቅመናል። እንግዳ የሆነው ወገን ይጠብቅ፣ ይስማ፣ ያሳጥር፤ ባለቤት የሆነው ወገን ደግሞ በሩን ይክፈት፣ ነገር ግን ምሰሶውን አይንቀል።

ለእኛ ለመጻሕፍት ወዳጆችም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ልቦለድ የሚባለው ቅርጽ ወደ ቋንቋችን የመጣ እንግዳ ነው፤ ነፃ ግጥምም እንዲሁ። በእንግድነታቸው የምናፍርባቸው ነገር የለም። የምናፍረው እንግዳው የቤቱን ሰው ከምድጃው ሲያስነሣና የአማርኛው ዓረፍተ ነገር በራሱ ቤት እንደ ተከራይ ሲቀመጥ ነው። የትኛው ደራሲ እንዲህ እንዳደረገ መቁጠር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ እያንዳንዱ አንባቢ በመደርደሪያው ያሉትን መጻሕፍት አንድ በአንድ እያወጣ ሊጠይቃቸው ይችላል፤ እዚህ ቤት ምቱን የያዘው ማን ነው?

ማሴኬላ ጥር 23 ቀን 2018 ጆሃንስበርግ ውስጥ አረፈ። ብዙዎች በ1968ቱ ዜማው አስታወሱት፤ ማንዴላን ከእስር መልሱልን ባለበት በ1987ቱ ዘፈኑም አስታወሱት። ሁለቱም ይገባቸዋል። አንባቢ ሆይ፣ ጊዜ ብታገኝ ግን የሌጎሱን ሸክላ ፈልገህ አዳምጥ፤ ከዚያም ሄድዞሌዎች ያለ እሱ የቀረጹትን አስከትል። ሁለተኛውን ስትሰማ ትራምፔቱ የሚገባበትን ቦታ ጆሮህ ይጠብቃል፤ ዘፈኑ ግን ያለ እሱም ይቀጥላል። ማሴኬላም ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል እንዲያ ተጠንቅቆ የነፋው።